ነጅማ ሌባውን የቀደመችበት ቀን

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። በሸዋ በር አጠገብ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ከገጠር ልጇን አዝላ ለመጣች እናት የሽሮፑን አሰጣጥ እያስረዳሁ ሳለ ስልኬ ባንኮኒው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«መጀመሪያ ጠርሙሱን ነቅንቂው። ምግብ ከበላ በኋላ ነው የምትሰጪው» አልኳት። ሴትየዋ መርቃኝ ወጣች። እኔም ስልኬን አነሳሁ።

በቴሌግራም ከማላውቀው ሰው የመጣ መልእክት ነው። ጽሑፍ የለውም፤ ፎቶ ብቻ። ከፈትኩት። ፎቶው የኔ ነው።

ጸጉሬ ተገልጧል። እጄና ክንዴ በሒና አጊጧል። ከሰርጌ ቀን በፊት ሴቶች ብቻ ተሰብስበው ከበሮ ሲመቱልኝ፣ አንዷ የተናገረችው ነገር አስቆኝ ራሴን ወደኋላ ጥዬ ስስቅ የተነሳሁት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ወንድ አልነበረም። ወንድ የሚባል ፍጡር በበሩም አላለፈም።

ትንፋሼ ሳይመለስ ሁለተኛው መልእክት ገባ።

«ይሄ አንዱ ነው። የሌሎቹም ሙሽሮች እጄ ላይ ነው። ገንዘብ ካልላካችሁ ጀጎል በሙሉ ያየዋል። ለሰው ከተናገራችሁ ደግሞ ዛሬውኑ እለቀዋለሁ።»

እስቲ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ያኔ ገና የሒናዬ ቀለም ከጥፍሬ ያልጠፋ ሙሽራ ነበርኩ። ስሜ ሰሚራ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል በሚባለው ግንብ ውስጥ ነው። ጸጉሬን ከልጅነቴ ጀምሮ እሸፍናለሁ፤ ማንም አስገድዶኝ አይደለም፣ የኔ ነው። ባለቤቴ ረምዚ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። የምንኖረው ከእናቱ ከሐጂያ ዘሃራ ጋር ነበር። ሐጂያ የሰፈራችን የሴቶች አፎቻ መሪ ናቸው። አፎቻ ማለት እኛ ሐረሪዎች ለሰርግም ለሐዘንም የምንቆምበት የጎረቤት ማኅበር ነው። በእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም ነበር። በአጭሩ፣ አማቷን የምትፈራ አዲስ ምራት ነበርኩ።

ፎቶውን ያነሳችው ደግሞ ነጅማ ናት፤ አብሮ አደጌ።

ነጅማን ለማወቅ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። እሷ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት በእኛ ሰፈር የሴቶች ወገን ሰርግ በቅጡ ፎቶ አይነሳም ነበር። ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ወንድ ነበራ! እናቶቻችን ያንን ሁሉ ሐርና ወርቅ ለብሰው ሲጨፍሩ የቀረላቸው ትዝታ ብቻ ነው። ነጅማ ካሜራ ገዛች፣ ራሷን አስተማረች፣ ከዚያም በየሰርጉ ቤት ሴቶቹን ሰብስባ «ይሄ በእጄ ያለ አማና ነው» ብላ ጀመረች። አማና ሲባል አደራ ማለት ነው፤ ግን በእኛ ዘንድ ከአደራም ይከብዳል፣ አላህ የሚጠይቅሽ አደራ ነው። ውጭ አገር ያሉ እህቶችና አክስቶች ፎቶውን እንዲያዩት ለየቤተሰቡ በቴሌግራም የተዘጋ ቻናል ከፍታ ታስቀምጥላቸው ነበር። ቁልፉ ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው።

መድኃኒት ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ ሮጥኩ። ነጅማ የምትሠራበት ክፍል መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጥግ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ አለፍኩ። ገና ሳላንኳኳ ነጅማ በሩን ከፈተችው።

«አንቺም ደረሰሽ?» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደረሰኝ። ነጅማ፣ እንዴት አገኘው?»

ወንበር አልሰጠችኝም፤ ራሷም አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረችኝ። ጠዋት አንዲት ደንበኛዋ መልእክት ላከችላት። «ልጄ የቁርኣን ውድድር ገብታለች፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለው። ስትጫነው ቁርጥ ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ወጣ። ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት። ጻፈች። በስልኳ ኮድ መጣላት። ኮዱንም ጻፈች። «ድምፅዎ ተመዝግቧል» አላት።

«እኔ ደግሞ» አለች ነጅማ፣ «አላህ ያሳካላት ብዬ ዱዓ አደረግኩላት።»

ለረምዚ ደወልኩለት። ስለ ፎቶው ስነግረው «መጣሁ» ብቻ አለኝ። ባጃጁን ጠባቡ መንገድ አላስገባ ብሎት የቀረውን በሩጫ ነው የመጣው፣ እያለከለከ ገባ። ፎቶውን አሳዩኝ አላለም። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳለትም። ነጅማን ብቻ «ስልክሽን አውጪና እኔ የምልሽን ንኪ» አላት።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታ አካውንቷ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር አገኘች። አንዱ የራሷ ስልክ ነው። ከሥሩ ሌላ፣ እሷ የማታውቀው ስልክ አለ።

«ይኸውልሽ» አለ ረምዚ። «አሁን ጠዋት ነው የገባው። አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ባለቤት ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ ቀን ማለፍ አለበት። አንቺ ግን እሱን ማስወጣት ትችያለሽ። ንኪው።»

ነካችው። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን አስከፈታት፤ ከኮዱ በተጨማሪ እሷ ብቻ የምታውቀው የይለፍ ቃል ማለት ነው። ያ ቢኖር ኖሮ ሌባው ኮዱን ይዞ በር ላይ ይቀር ነበር።

«ሀክ ተደረግኩ ማለት ነው?» አለች ነጅማ።

«ሰው ሀክ ሲባል ግንብ ሰብሮ የገባ ጉደኛ ይመስለዋል። ይሄ ግን ማጥመድ ነው፤ ፊሺንግ የሚሉት። በምታውቂው ሰው ስም መጣ፣ በቁርኣን መጣ። ሞኝ ሆነሽ አይደለም፣ ደግ ሆነሽ ነው የተያዝሽው። ያቺ ደንበኛሽም ምስኪን የላከችው እሷ አይደለችም፤ የሷንም አካውንት ቀድሞ ወስዶት ነው።»

«አሁን ወጣ?»

«ወጥቷል።» ረምዚ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ይዞ የወጣውን ግን ማስመለስ አንችልም።»



ረምዚ ማድረግ ያለብንን ነገረን። ገንዘብ አትላኩ፣ አንዴ የከፈለን ሰው ነገም ይመለሱበታል። መልእክቱን አታጥፉ፣ ማስረጃ ነው፣ ለፖሊስ እንሰጣለን። ከዚያ እኔን እያየ፣ ስለ እኔ እየፈራ ይመስለኛል፣ «ለጊዜው ለማንም አትናገሩ። ዝም ስትሉት ሊተወው ይችላል» አለ።

ነጅማ እስከዚያ ድረስ ራሷን እየነቀነቀች ስትሰማ ቆይታ እዚህ ላይ ቀና አለች።

«እሱም ያለው ይኼንኑ ነው።»

«ማን?»

«ሌባው። ለሰው ከተናገራችሁ እለቀዋለሁ ነው ያለው። ረምዚ፣ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር መናገሬን ነው ማለት ነው እኮ። እንግዲያው እሱ ከሚነግራቸው እኔ ልንገራቸው። ፎቷቸው እኔ ዘንድ የነበረ ሴቶች በሙሉ ከኔ አፍ ይስሙት።»

«ነጅማ፣ ሥራሽ ያልቃል!» አልኳት። «ማን ከእንግዲህ ቤቱ ያስገባሻል?»

«ሥራዬማ ኮዱን የጻፍኩ ጊዜ አልቋል። አሁን የቀረኝ አማናው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ሰለለ። «ግን ተናገረች ብሎ መጀመሪያ የሚለቀው ያንቺን ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ ወላሂ አልናገርም። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

እኔ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአማቴን ፊት ነው። ረምዚን አየሁት። «ያንቺ ነው፣ አንቺ ወስኚ» አለኝ። ነጅማም አልገፋፋችኝም። ጠበቀችኝ። እምቢ ብላት በእውነት ዝም እንደምትል፣ ሸክሙንም ብቻዋን እንደምትችለው ከፊቷ አነበብኩ። ያ ይመስለኛል ልቤን ያበረታው።

«ከሐጂያ እንጀምር» አልኩ።

ሐጂያ ዘሃራ ለመግሪብ፣ ለጀንበር መጥለቂያው ሶላት፣ ታጥበው ውዱእ አድርገው እጃቸውን እያደራረቁ ሳለ ነበር የደረስነው። ነጅማ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ወደ መደቡ ውጪ እንጂ ልጄ» ቢሏትም አልወጣችም። ከቁርኣን ውድድሩ ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አማቴ ቴሌግራም ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ካናዳ ያለች ልጃቸውን የሚያዩት በዚያ ነው። ሳያቋርጡ ሰሙ። ነጅማ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፎቶውን አሳዪኝ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ማሻአላህ!» አሉ። «ያን ቀን ከእንግዳ ጋር ስዋከብ በቅጡ አላየሁሽም ነበር። እንዴት ታምሪያለሽ!»

አለቀስኩ። ከሰዓት ጀምሮ ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። እሳቸው ስልኩን መለሱልኝና «ሙሽራ በሰርጓ ብትስቅ ነውር አይደለም፣ ዐይብ የለውም። ዐይቡ የሌባው ነው» አሉ። ከዚያ ነጅማን አዩ። «ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ዘግቶ አገር ይለቅ ነበር። አንቺ እንዴት ደፈርሽ?»

«አልደፈርኩም ሐጂያ። ፈርቼ ነው የመጣሁት። አንዷ ልጅ ብቻዋን መልእክቱ ደርሷት አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ ነው የፈራሁት።»

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ አፎቻውን እዚህ እሰበስባለሁ። ግን ከዚያ በፊት በየቤታቸው ሄደሽ ለየብቻ ንገሪያቸው። ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ በሰው መሃል መስማት የለባትም።»

አርብ ጠዋት ከኤረር በር በኩል ጀመርን። እኔ ከእሷ ጋር የሄድኩት ሌሎቹ «አንቺ ምን ቸገረሽ» እንዳይሏት ነው፤ ሌባው የላከው ፎቶ የኔ ነውና። ጀጎልን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ፣ ግድግዳው አረንጓዴና ነጭ፣ በሩ ሁሉ የሚተዋወቅ ነው። በእያንዳንዱ በር ስናንኳኳ «ምን ፎቶ አመጣሽልን?» እያሉ በደስታ ይከፍቱልናል። ነጅማ ያንን ፈገግታ በየደጁ ማጥፋት ነበረባት።

አንዲት ትልቅ ሴት ነገሩ አልገባቸው አለ። «ስልኩን ሰረቁሽ?»

«አይ እማ፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው። ውስጡን ነው የሰረቁኝ።»

«ያ ረቢ! ቅርፊቱን ትቶ ፍሬውን የሚወስድ ሌባም መጣ በሉኛ!»

አንዷ ወጣት ሙሽራ የነጅማን አንገት አቅፋ አለቀሰች። አንዷ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋችብን። ከሁሉም የከበደው የእማ ፈትያ ቤት ነው። እማ ፈትያ ሴት ልጃቸውን ድረው ሊልኩ ቀን የቆረጡ እናት ናቸው። ልጅቱ በአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ የተነሳቻቸው ፎቶዎች ነጅማ ዘንድ ነበሩ።

«ልጄን አማና ብዬ ሰጠሁሽ» አሉ ጮኸው፣ «ለሌባ አሳልፈሽ ሰጠሽብኝ! የሙሽራው ወገኖች ቢያዩትስ? ሰርጉ ቢፈርስ ምን ትመልሺልኛለሽ?»

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ነጅማ እጄን ያዘችኝ።

«እውነትዎን ነው» አለች።

«ሌላ ምንም የምትይው የለሽም?»

«የለኝም፣ እማ ፈትያ። ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው። ከሰዓት ሐጂያ ዘሃራ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

እንግዲህ እኔ በነጅማ የተደነቅኩት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ በር «ተታልዬ ነው» ማለት ትችል ነበር። እውነትም ነበር። አንድ ቦታ እንኳ አላለችም። ቤት ለቤት የምትዞረው ይቅርታ ለማግኘት አልነበረም፤ ሰዎቹ ሳይዘጋጁ እንዳይመቱ ነበር። በመሃል ስልኳ ይንጫጫል። አንዴ አውጥታ አነበበችልኝ፦ «ጊዜያችሁ እያለቀ ነው» ይላል። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከታ «ገና ያላንኳኳነው በር አለ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ከጁምዓ በኋላ የአማቴ ቤት ሞላ። ሴቶቹ በቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ላይ በየዕድሜያቸው ደረጃ ተቀመጡ። በሯን የዘጋችብን ሴትም መጥታለች። እማ ፈትያ ዘግይተው ገቡና ከማንም ሳይነጋገሩ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ነጅማ ቆማ እንደገና ተናገረች። ስትጨርስ ከወደ ጥግ አንዷ «ቢለቀውስ?» አለች። ሁላችንም ልባችን ውስጥ የነበረው ጥያቄ ነው።

አማቴ መለሱ። «ቢለቀው ማን ያያል? ሌላ አገር ያለ ሰው ሰሚራን የት ያውቃትና? የሚያውቃት የኛ ሰው ነው። የሚያስፈራራን በኛው ባሎች፣ በኛው ወንድሞች ዓይን ነው። እንግዲህ እኛ ቤት ያለ ሰው ካላየው፣ ካልተቀባበለው፣ ለማን ሊያሳየው ነው? ዛሬ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ለባሎቻችሁም ለልጆቻችሁም ንገሩ። የመጣለት ሰው አይክፈት። ለሌላ አይላክ። የላከ ሰው ከሌባው ጋር አብሮ የሰረቀ ነው። እኔም ለወንዶቹ አፎቻ አስነግራለሁ።»

ቤቱ ውስጥ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ አለፈ። ሁሉም ትንፋሹን የለቀቀ ይመስለኛል።

ከዚያ ረምዚ ተጠራ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሞ እንደ ትምህርት ቤቱ ጮክ ብሎ ያስተምር ጀመር። «ሴቲንግ ውስጥ ግቡ!» «የቱ ነው ሴቲንግ?» «ከላይ ሦስት መስመር ያለበትን ንኩ!» «የኔ ሦስት መስመር የለውም!» ወጣቶቹ የትልልቆቹን ስልክ ተቀብለው እየረዱ፣ የመጣንበት ጭንቀት ሁሉ እስኪረሳን ድረስ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባለሁለት ደረጃውን ያልከፈተች አልቀረችም።

በመሃል ግን እማ ፈትያ ዝም ብለው ስልካቸውን አፍጥጠው ሲያዩ ነበር። ድንገት ቀና አሉ።

«ይሄ ነው እንዴ?»

ስልካቸው ላይ «ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት አለ። የላኪው ስም ነጅማ ይላል። ሌባው በእሷ አካውንት ውስጥ በቆየባቸው ሰዓታት በስሟ ለደንበኞቿ ልኮት ኖሯል።

«ትናንት ነው የመጣልኝ» አሉ እማ ፈትያ። «ልጫነው ስል ፓኬጄ አልቆ ነው እንጂ...» አልጨረሱትም። ነጅማን አዩዋት። ይቅርታ አላሉም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ግን ከበሩ ተነስተው ወደ መደቡ ወጡ።

ነጅማ ስልኳን አወጣች። «ሐጂያ፣ መልስ ልስጠው?» አለች። አማቴ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች፦ «ለሁሉም ተናግሬአለሁ። የፎቶዎቹ ባለቤቶች ከኔ ጋር እዚህ ተቀምጠዋል።» ላከችው። ማንበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ጠፋ። ምንም አልመጣም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን የኔን ፎቶ ለቀቀው። መግሪብ ሲቃረብ ረምዚ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ነገረኝ፤ ሌባው አንድ ቻናል ላይ ስድብ ጽፎበት አውጥቶታል። ተነስቼ የመጣሁትን መንገድ ሁሉ ረገምኩ። አፎቻውን፣ ነጅማን፣ «ከሐጂያ እንጀምር» ያልኩበትን አፌን ረገምኩ። ነጅማ ስትሰማ መጣች። አላጽናናችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ከፍታ፣ ቻናሉን ሪፖርት አድርጋ፣ ለአፎቻው ሴቶች «ሪፖርት አድርጉ» ብላ ላከች። «አደረግኩ» «እኔም» «ባሌም አደረገ» የሚል መልስ ሲዘንብ ጎን ለጎን ሆነን አነበብነው። ማስረጃውንም ረምዚ ለፖሊስ አደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ መግባት ነበረብኝ። ከቤት እስከ ሸዋ በር ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። የሚያልፈው ወንድ ሁሉ ያየኝ ይመስለኛል። ጥጉ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ዩሱፍ፣ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ፣ ሁሌ ተቀምጠው ነው ሰላምታ የሚሰጡኝ። ያን ቀን ሳያቸው አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ተነሱ።

«ሰላሙ ዐለይኩም ልጄ» አሉኝ። «ትናንት ስልኬ ላይ አንድ ነገር መጣ። ሳልከፍተው አጠፋሁት። ይህንን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። እኔ ቀና ብዬ ሄድኩ።

በዚያው ቀን ቻናሉ ተዘጋ። ሰውየው አንድ ሁለት ጊዜ ዛቻ ላከ፣ የሚመልስለት ሲያጣ ዝም አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ፖሊስ ቃላችንን ተቀብሏል፤ ተያዘ የሚል ወሬ ግን አልሰማንም። ፎቶዬም የሆነ ቦታ፣ የማላውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጠቁጠኛል፤ አልዋሻችሁም።

ነጅማ ካሜራዋን ሳጥን ውስጥ አስገብታ ነበር። አንድ ቀን እማ ፈትያ በሯን አንኳኩ። ለልጃቸው ሰርግ ሊጠሯት ነው የመጡት። ነጅማ ማመን አቅቷት «ሌላ አንሺ አጡ እንዴ?» ብትላቸው፣ «አላጣሁም» አሏት። «ፎቶ የምታነሳማ ሞልታለች። ጉድ ሲመጣ በሬን አንኳክታ የምትነግረኝ ግን አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።» ነጅማ አሁን ፎቶ በቴሌግራም አታስቀምጥም። በፍላሽ አድርጋ በእጅ ታስረክባለች፣ ባለቤቶቹ እያዩ ከራሷ ኮምፒውተር ታጠፋዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ኮድ የጠየቃችሁ ሰው ቢኖር፣ ወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ፤ በስልክ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። ባለሁለት ደረጃውን ዛሬ ክፈቱ። እነዚህን ረምዚ ከኔ አሳምሮ ያስተምራችኋል። እኔ ከነጅማ የተማርኩት ሌላ ነው። አስፈራሪ የሚኖረው በእኛ ዝምታ ነው። ሰው ሁሉ ያወቀውን ነገር «እናገራለሁ» ብሎ ማስፈራራት አይቻልም። ይህን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም፤ ለማድረግ ግን የነጅማን ልብ ይጠይቃል። እኔ ያ ልብ የለኝም። አጠገቤ ስለነበረ ተበደርኩት።

በቅርቡ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ መድኃኒት ቤት መጣች። የእንቅልፍ መድኃኒት ፈለገች። የሐኪም ማዘዣ አለሽ ወይ ስላት የለኝም አለች። ዓይኗ አብጧል። ስልኳ ባንኮኒው ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትደነግጣለች፣ ፊቱን ወደታች ትገለብጠዋለች። ያንን ድንጋጤ አወቅኩት።

ጠጋ ብዬ «ፎቶ ነው?» አልኳት በቀስታ።

ቀና ብላ አየችኝና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኳትና ለነጅማ ደወልኩላት። ነጅማ የያዘችውን ሥራ ጥላ መጣች። ልጅቱን ምንም ሳትጠይቃት የራሷን ነገረቻት፤ ኮዱን ስትጽፍ፣ በር ስታንኳኳ፣ በር ሲዘጋባት፣ ሁሉንም። ልጅቱ ሰምታ ስትጨርስ «ለማን ልንገር?» አለች።

«ማን ቢያውቅልሽ ይቀልሻል?»

«እናቴ» አለች።

«ብቻሽን ትነግሪያታለሽ ወይስ አብሬሽ ልሂድ?»

«አብረሽኝ ነይ።»

ነጅማ ቦርሳዋን አነሳች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፣ ከሸዋ በር ሚኒባሶች መሃል ሲሻገሩ በመስታወቱ አየኋቸው። ልጅቱ ልትገዛ የመጣችውን መድኃኒት ሳትጠይቀኝ ሄደች።